ሪሰርች ሆስፒታል ከየት ነው የሚጀመረው? ስለ ህክምና ዘርፎች፣ ስለ ሆስፒታሎችና ስለ ባለሙያዎች እቅድ

የሆነ መንግስት "ዘመናዊ ሪሰርች ሆስፒታል ልገነባ ነው" ወይም "የህክምና ዘርፉን በስትራቴጂ ላሳድግ ነው" ብሎ ባወጀ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ያው ተመሳሳይ ነው። አንዱ ወገን የህንፃውን ፎቅና የአልጋውን ብዛት እየቆጠረ ይደሰታል፣ ሌላው "ባለሙያው እየተሰደደ ህንፃ ምን ያረጋል" ይላል፣ ሶስተኛው ደግሞ "ኧረ ዶክተርማ ሞልቷል፣ የጠፋው ቀጣሪ ነው" ብሎ ይመልሳል። ሶስቱም የያዙት እውነት አለ፣ ችግሩ ስለተለያየ ነገር እያወሩ አንድ ነገር ላይ የተከራከሩ እየመሰላቸው ነው። ስለዚህ እስቲ ነገሩን ፈታ አርገን እንየው፣ ሪሰርች ሆስፒታል የሚባለው ምንድነው፣ የህክምና ዘርፍ እንዴት ነው የሚያድገው፣ ለምንስ ነው ብዙ ጊዜ ህንፃው ቆሞ ስራው የማይቆመው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሞቹ ተደበላልቀዋል

ሪፈራል ሆስፒታል ማለት ሌላው ጤና ተቋም "ከአቅሜ በላይ ነው" ብሎ የላከውን ታካሚ የሚቀበል ነው፣ በቃ። ቲቺንግ ሆስፒታል ወይም የማስተማሪያ ሆስፒታል ደግሞ እያከመ የሚያሰለጥን ነው፣ የህክምና ተማሪዎች፣ ኢንተርኖች (ትምህርቱን ሊጨርሱ ሲሉ ሆስፒታል ውስጥ በተግባር የሚሰሩት)፣ ሬዚደንቶች፣ የነርስና የሚድዋይፍ ተማሪዎች እዛ ነው እጃቸው የሚፈታው። ሬዚደንት የሚባለው ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ ከተመረቀ በኋላ በአንድ ዘርፍ ስፔሻሊስት ለመሆን ሆስፒታል ውስጥ እየሰራ የሚማር ሐኪም ነው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ ጠበብ ባለ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ከውስጥ ደዌ ወጥቶ ልብ ላይ ብቻ፣ ተጨማሪ ስልጠና ሲወስድ ሰብ ስፔሻሊቲ ወይም ፌሎውሺፕ ይባላል።

ሪሰርች ሆስፒታል ከነዚህ ሁሉ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፣ ከታካሚው የሚገኘውን መረጃ በስርዓት መዝግቦ ጥያቄ ይጠይቅበታል፣ ያገኘውን መልስ ደግሞ መልሶ ህክምናው ላይ ያውለዋል። የዚህ አይነት በጣም ንጹህ ምሳሌ በ1953 አሜሪካ ቤተስዳ ውስጥ የተከፈተው የብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ክሊኒካል ሴንተር ነው፣ ታካሚ እዛ የሚገባው ለአንድ ጥናት ተመርጦ ነው፣ ለህክምናውም አይከፍልም። አብዛኛው ዓለም ላይ ያለው ግን ሶስቱንም አንድ ላይ የሚሰራው ነው፣ ማከም፣ ማስተማር፣ መመራመር።

ሶስቱ እንዴት አንድ ላይ እንደመጡ የጆንስ ሆፕኪንስ ታሪክ ያሳያል። ባልቲሞር ያለው ሆስፒታል በ1889 ተከፈተ፣ የህክምና ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ1893። ዊሊያም ኦስለር በውስጥ ደዌ፣ ዊሊያም ሃልስቴድ በቀዶ ህክምና፣ ሐኪሙ ሆስፒታል ውስጥ እየኖረ፣ ኃላፊነቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ በታላላቆቹ ስር ለዓመታት የሚሰለጥንበትን መንገድ ቅርጽ አስያዙለት። ሬዚደንሲ የሚለው ስም ራሱ ከዛ ኑሮ ነው የመጣው። በ1910 ደግሞ አብርሃም ፍሌክስነር የሚባል የትምህርት ባለሙያ የአሜሪካና የካናዳ 155 የህክምና ትምህርት ቤቶችን ዞሮ አይቶ ያወጣው ሪፖርት ይሄን የሆፕኪንስ መንገድ መለኪያ አረገው፣ ላብራቶሪና ሆስፒታል የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ጥራቱ ጨመረ፣ ዋጋውም ግን ቀላል አልነበረም፣ በአሜሪካ ጥቁር ሐኪሞችን ያሰለጥኑ ከነበሩት 7 ትምህርት ቤቶች 5ቱ የተዘጉት ከዛ ሪፖርት በኋላ ነው። ይሄ ኋላ ላይ ለምናነሳው ክርክር ይጠቅመናል፣ ጥራትን ብቻ ስትለካ ማን ከበሩ ውጪ እንደሚቀር ማየት ያስፈልጋል።

በአንድ ከተማ የታዩ ሁለት ታሪኮች

ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ውስጥ ይሰራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1958 ህፃናት መንጋጋ ላይ በፍጥነት ስለሚያድግ ዕጢ ጽሁፍ አወጣ፣ ዛሬ በርኪት ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ነው። በዛ መነሻ በ1967 ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ጋር በትብብር ሙላጎ ላይ የሊምፎማ ህክምና ማዕከል ተከፈተ፣ በኋላ የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት የሆነው ማለት ነው። ቦታው ትንሽ ነበር፣ ግን በመድሃኒት ብቻ፣ መድሃኒቶችን እያቀናጁ፣ ካንሰር ማዳን እንደሚቻል ለዓለም ካሳዩት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢዲ አሚን መንግስት መጣ፣ የውጪ ባለሙያዎቹ ወጡ። ኢንስቲትዩቱ ግን አልተዘጋም፣ ምክንያቱም እዛው የሰለጠኑ ኡጋንዳውያን ነበሩ፣ ቻርልስ ኦልዌኒ የሚባል ኡጋንዳዊ ሐኪም አመራሩን ተረከበ፣ በጀት ጠፍቶ አገሪቱ ስትታመስም ቤቱ ታካሚ መቀበሉን ቀጠለ።

ሁለተኛው ታሪክ እዛው ሙላጎ ላይ ነው የሆነው። በሚያዝያ 2016 የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ህክምና ማሽን ተበላሸ፣ ሊጠገንም አልቻለም። ማሽኑ ያረጀ ነበር፣ ማርጀቱም ለዓመታት የታወቀ ነገር ነው። አዲሱ ማሽን ስራ እስኪጀምር ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ አለፈ፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ጨረር የሚያስፈልገው ታካሚ ወይ ወደ ናይሮቢ መሄድ ነው ወይ መጠበቅ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል። የሰለጠነው ሰው ከመንግስት ለውጥና ከጦርነት ተርፎ ስራውን ይዞ ቆየ፣ ማሽኑ ግን የተካ ሰው ባለመኖሩ ቆመ። ይሄ ማሽን አያስፈልግም ማለት አይደለም፣ ያለ ጨረር ብዙ ካንሰር አይታከምም። ማለት የተፈለገው ማሽን ሲገዛ ዕድሜው አብሮ እንደሚቆጠር፣ የሚተካበት ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ እንዳለበት ነው። በዝቅተኛ ገቢ አገራት የህክምና መሳሪያዎችን የቃኘ በ2011 የወጣ ጥናት 40 በመቶ የሚጠጋው መሳሪያ ከአገልግሎት ውጪ እንደሆነ አሳይቷል። ብዙ ጊዜ የጠፋው ነገር ትንሽ ነው፣ አንድ መለዋወጫ፣ አንድ ማንዋል፣ የመብራት መዋዠቅ የሚከላከል ዕቃ፣ ወይም ባዮሜዲካል ኢንጂነር የሚባለው የህክምና መሳሪያ የሚጠግንና የሚንከባከብ ባለሙያ።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከአሰልጣኙ ነው

ህንፃ በ3 እና በ4 ዓመት ያልቃል። አንድ ሰብ ስፔሻሊስት ግን ብዙ አገር ላይ ባለው አሰራር ከህክምና ትምህርት ቤት በር ጀምሮ 12 እና ከዛ በላይ ዓመት ይፈልጋል፣ 6 ዓመት ገደማ ትምህርት፣ ኢንተርንሺፕ፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሬዚደንሲ፣ ከዛ ፌሎውሺፕ። ስለዚህ የመሰረት ድንጋይ ሲጣል ስልጠናው ያልተጀመረ ከሆነ ሪባን ሲቆረጥ ውስጡ የሚሰራ ሰው የለም ማለት ነው። ይሄ የታወቀ ነው፣ ብዙ ሰው የማያየው ግን የሚቀጥለውን ስሌት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ዲፓርትመንት 4 አሰልጣኝ ስፔሻሊስት አለው እንበል፣ እያንዳንዱ በዓመት 1 አዲስ ሬዚደንት መቀበል ይችላል፣ ስልጠናው 4 ዓመት ነው። ተመራቂው ሁሉ ወደ ውጪ፣ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች፣ የሚበተን ከሆነ በ10 ዓመት 28 ስፔሻሊስት ይወጣል፣ አሰልጣኞቹ ግን ያው 4 ናቸው፣ አንዱ ጡረታ ከወጣ ወይ ከሄደ ደግሞ 3። አሁን ከተመራቂዎቹ ግማሹ አሰልጣኝ ሆኖ እንዲቀር ከተደረገ በ10 ዓመት ውስጥ 40 ስፔሻሊስት ይመረቃል፣ 20ው ወደ ውጪ ይሄዳል፣ ዲፓርትመንቱ ደግሞ 24 አሰልጣኝ ይኖረዋል። ወደ ህዝቡ የወጣው በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ያንሳል፣ 20 በ28 መሆኑ ነው። በ13ኛው ዓመት ላይ ግን ድምሩ ይበልጣል፣ ከዛ በኋላማ ልዩነቱ በየዓመቱ እየሰፋ ነው የሚሄደው።

በእውነተኛው ዓለም እንዲህ ጥርት ብሎ አይሄድም፣ ሰው ይሰደዳል፣ ይታመማል፣ በጀት ይቆረጣል፣ ታካሚው ለስልጠና የሚበቃ ላይሆን ይችላል። ግን የነገሩ አካሄድ ይሄ ነው፣ ለዚህም ነው በፖለቲካ የሚከብደው። 13 ዓመት ማለት ከ2 የምርጫ ዘመን በላይ ነው። ለገጠር ሆስፒታል "ስፔሻሊስት ዘንድሮ አይላክላችሁም፣ እያስተማረ ነው" ብሎ መንገር ደግሞ ለማንም ቀላል አይደለም፣ እዛ በወሊድ ላይ ያለች እናት የምትጠብቀው 13 ዓመቱን አይደለምና። ሁለቱም ወገን ልክ ነው፣ ማመጣጠኑ ነው ስትራቴጂ የሚባለው።

የማሰልጠን ስራው ራሱ ሰዓት ይፈልጋል። ጠዋት ራውንድ (የተኙትን ታካሚዎች ዞሮ ማየት)፣ ከዛ ኦፒዲ (የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል)፣ ከሰዓት ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ማታ ዲውቲ (የሌሊት ተረኝነት) ያለበት ሲኒየር ሐኪም ሬዚደንቱን ቁጭ ብሎ የሚያስተምርበትም ሆነ ዳታ የሚያይበት ሰዓት የለውም። ጠንካራ የሚባሉት የምርምር ሆስፒታሎች ለዚህ ያላቸው መልስ ለምርምርና ለማስተማር ብቻ የተከለለ ሰዓት ነው፣ ከሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ታካሚ አያይም፣ ደመወዙ ግን ሙሉ ነው። ይሄ በጀት ላይ በግልጽ ካልተጻፈ የለም ማለት ነው፣ ታካሚ ተሰልፎ እያየ ቢሮ ገብቶ ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም አይኖርም፣ ሊኖርም አይገባም። ሰዓቱ የሚገኘው ሌላ ሐኪም በቦታው ሲተካ ብቻ ነው።

የትኛው ዘርፍ ይቅደም የሚለው

ሁሉንም ዘርፍ በአንድ ጊዜ ማሳደግ አይቻልም። አንድ አገር ወይም አንድ ሆስፒታል ሲመርጥ መጠየቅ ያለበት ብዙ ነገር አለ፣ በሽታው ምን ያህል ሰው ይጎዳል፣ ህክምናው ቢኖር ስንቱ ይድናል፣ አሁን በእጅ ያለው አሰልጣኝ ስንት ነው። ከነዚህ ይልቅ ክርክር ላይ የማይነሳው ግን ብዛት ነው፣ ማለትም አንድ ቡድን አንድን ህክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሰራዋል የሚለው። በ2002 በአሜሪካ በጣም ብዙ ታካሚ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው የቆሽት ካንሰር ኦፕራሲዮንን እምብዛም በማይሰሩ ሆስፒታሎች ከታካሚዎቹ 16 በመቶ የሚሆኑት ሲሞቱ፣ ብዙ በሚሰሩት ላይ ግን 4 በመቶ አይሞላም ነበር። ያው ኦፕራሲዮን፣ ያው አገር። ስለዚህ በጣም ውስብስብ የሆነው ህክምና በጥቂት ቦታ ቢሰበሰብ ሰው ያድናል።

ህንድ ማዱራይ ውስጥ በ1976 በ11 አልጋ የተጀመረው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ይሄን በሌላ በኩል ያሳያል። ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው የጀመሩት፣ አንድ ነገር ላይ አተኮሩ፣ የዓይን ሞራ። ሐኪሙ ሐኪም ብቻ የሚሰራውን እንዲሰራ፣ ምርመራውንና ዝግጅቱን ደግሞ ከመንደር ተመልምለው እዛው የሰለጠኑ ሴቶች እንዲሰሩት አደረጉ፣ ከሚከፍለው ታካሚ የሚገኘው ገንዘብ የማይከፍለውን ይሸፍናል፣ በ1992 ደግሞ ዓይን ውስጥ የሚገባውን ሌንስ ራሳቸው ማምረት ጀመሩና ዋጋው በጣም ወረደ። አልጋው 11 የነበረው ቤት ዛሬ በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የዓይን ህክምናና ማሰልጠኛ ተቋማት አንዱ ነው። እዚህ ላይ የታየው ህክምናውን፣ ባለሙያውንና ዕቃውን አንድ ላይ ማሰብ ነው።

ዘርፍ ሲመረጥ ሌላው የሚረሳው የማይታዩት ዘርፎች ናቸው። የልብ ቀዶ ህክምና ዜና ይሆናል፣ ፓቶሎጂ አይሆንም። ፓቶሎጂስት ማለት ከታካሚው የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ "ካንሰር ነው፣ አይነቱም ይሄ ነው" የሚለው ሐኪም ነው፣ እሱ ከሌለ ውዱ መድሃኒት የሚሰጠው በግምት ነው። አኔስቴዚያም እንደዛው፣ ቀዶ ሐኪም ቢሞላ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ ከሌለ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ተቆልፎ ይውላል። በ2015 የወጣው የላንሴት (የታወቀ የህክምና መጽሔት ነው) የዓለም የቀዶ ህክምና ኮሚሽን ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሰው ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ህክምናና ማደንዘዣ ሲያስፈልገው በአቅሙ እንደማያገኝ ገምቶ፣ ለ100,000 ሰው ቢያንስ 20 ባለሙያ ይኑር ሲል የቆጠረው ቀዶ ሐኪሙን፣ የአኔስቴዚያ ሐኪሙንና የማህፀንና ፅንስ ሐኪሙን በአንድ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ተነጣጥለው አይሰሩም።

ነርሶችስ? እነሱ ሁሌ ከስትራቴጂ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት፣ ይሄ ትልቅ ስህተት ነው። በ9 የአውሮፓ አገራት ሆስፒታሎች ላይ የተሰራና በ2014 የወጣ ጥናት አንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። የተሳካ ኦፕራሲዮን ማታ ዋርድ ውስጥ ነው የሚከሽፈው፣ የደም ግፊቱ ሲወርድ የሚያይ ሰው ሲጠፋ።

ምርምሩ ቅንጦት ነው ወይስ ያስፈልጋል?

"በሽተኛው ግሉኮስ አጥቶ ምን ሪሰርች" የሚለው ሐሳብ ተራ ተቃውሞ አይደለም፣ ከልብ መመለስ አለበት። ምርምር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በሚሊዮን ዶላር የሚገዛ የጂን ማሽን ስለሆነ ነው። በጣም ብዙ ህይወት ያተረፉት አንዳንዶቹ ጥናቶች ግን የተሰሩት በርካሽ ነገር ነው።

ዳካ ላይ በ1960 የተቋቋመው የኮሌራ ምርምር ላብራቶሪ በ1968 በአፍ የሚሰጥ የስኳርና የጨው ውሃ በደም ስር የሚሰጠውን ፈሳሽ በአብዛኛው እንደሚተካ አሳየ፣ ዛሬ ኦአርኤስ የምንለው ነው። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ሲነሳ ህንድ ውስጥ ባለ የስደተኞች ካምፕ ኮሌራ ገባ፣ የደም ስር ፈሳሽ አለቀ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይሄንኑ ውህድ በበርሜል እያስቀዱ ቤተሰብ ራሱ እንዲያጠጣ አደረጉ፣ 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ግሉኮስ ላጣው በሽተኛ መልስ የሆነው ራሱ ምርምር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሙምባይ ላይ ያለው ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ነው፣ በ1941 የተከፈተ የካንሰር ሆስፒታል። የማህፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ ለማግኘት ሀብታም አገራት የሚጠቀሙት የላብራቶሪ ምርመራ ለነሱ አልሆነም፣ ስለዚህ የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤ አይነት ፈሳሽ፣ ቀብቶ በዓይን ማየት ሞት ይቀንሳል ወይ ብለው ጠየቁ። 150,000 ገደማ ሴቶች ተካተቱ፣ ምርመራውን የሰሩት ጥቂት ሳምንት የሰለጠኑ የጤና ሰራተኞች ናቸው፣ ከ12 ዓመት ክትትል በኋላ በማህፀን በር ካንሰር መሞት በ31 በመቶ ቀነሰ። ይሄን ጥያቄ ሌላ አገር ያለ ሆስፒታል አይጠይቅላቸውም ነበር፣ ችግሩ የነሱ ነውና። የራስን ታካሚ የሚያጠና ሆስፒታል ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሶስተኛው ደግሞ ምርምር የግድ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ መሆን እንደሌለበት ያሳያል። ኮቪድ ሲመጣ በመጋቢት 2020 እንግሊዝ ውስጥ ሪከቨሪ የሚባል ክሊኒካል ትራያል ተጀመረ። ክሊኒካል ትራያል ማለት ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ወይም ከዛ በላይ ህክምና ከፍሎ የትኛው እንደሚሻል የሚያወዳድር ጥናት ነው። ጥናቱ የገባው ከ170 በላይ በሆኑ የተለመዱ ሆስፒታሎች ውስጥ ነው፣ ቅጹ አጭር፣ ስራው ቀላል ስለነበር በስራ የተወጠረ ዋርድ ሊሰራው ቻለ። በሰኔ ላይ ዴክሳሜታዞን የሚባለው ድሮም ያለ ርካሽ መድሃኒት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉትን ታካሚዎች ሞት በአንድ ሶስተኛ እንደሚቀንስ ታወቀ። 3 ወር ብቻ ነው የፈጀው። ይሄ የሆነው ግን ከዛ በፊት ለዓመታት የምርምር ነርሶች፣ የመረጃ ስርዓትና ፈቃድ የሚሰጥ አካል ተዘጋጅቶ ስለቆየ ነው፣ ወረርሽኙ ሲመጣ የተገነባ ነገር አይደለም።

የስነምግባሩ ነገር እዚህ ላይ በጣም መታየት አለበት። ህዝቡ "ሊሞክሩብን ነው" ብሎ ሲፈራ ከሜዳ ተነስቶ አይደለም፣ አሜሪካ ቱስኬጊ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ በሽታቸው እየታየ ተተዉ። በ1964 የዓለም የሐኪሞች ማህበር ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫና ከዛ የመጡት ህጎች ታካሚው ገብቶት ፈቃድ እንዲሰጥ፣ እምቢ ቢልም ህክምናው እንዳይቀርበት፣ ጥናቱንም ከተመራማሪው ነፃ የሆነ የስነምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ እንዲያየው ያዛሉ። አዲስ ሪሰርች ሆስፒታል ሲታቀድ ይሄ ኮሚቴ ቢሮ፣ ሰራተኛና በጀት ከሌለው ወይ ጥናቱ ለወራት ይቆማል ወይ ማንም ሳያየው ያልፋል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሐኪም ጠፍቶ ሐኪም ስራ ፈት?

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያደናግረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2030 በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ገደማ የጤና ባለሙያ እጥረት እንደሚኖር ይገምታል፣ በአብዛኛው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት። እነዛው አገራት ውስጥ ደግሞ ተመርቆ ዓመት ሁለት ዓመት ስራ የሚፈልግ ሐኪምና ነርስ አለ። እንዴት?

ምክንያቱም "እጥረት" የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ህዝቡ የሚያስፈልገው ነው፣ በበሽታና በህዝብ ብዛት ይሰላል። ሁለተኛው መንግስት ወይም የግሉ ዘርፍ ደመወዝ ከፍሎ ሊቀጥር የሚችለው ነው፣ የስራ መደብ የሚባለው። ትምህርት ቤት መክፈት አንድ መስሪያ ቤት ይወስናል፣ የስራ መደብ መክፈት ሌላው፣ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ሚኒስቴሩ፣ ሁለቱ ካልተነጋገሩ የሚያስፈልገው ሰው ሳይሟላ የሰለጠነው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ "ዶክተር ሞልቷል" የሚለው ሰው ያየው የስራ መደቡን ነው፣ "ዶክተር የለም" የሚለው ደግሞ ሰልፉን።

ስደቱ ከዚህ ጋር ነው የሚያያዘው። ከዓለም ነርሶች ከ8ቱ አንዷ የምትሰራው ከተወለደችበት ወይም ከሰለጠነችበት አገር ውጪ እንደሆነ የ2020ው የዓለም የነርሶች ሪፖርት አሳይቷል። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገራት የጤና ባለሙያ ቅጥር የስነምግባር ደንብ ተቀብለዋል፣ በ2023 ደግሞ ድርጅቱ የባለሙያ እጥረታቸው የከፋ 55 አገራትን ዘርዝሮ ሀብታም አገራት ከነሱ በዘመቻ እንዳይመለምሉ ጠይቋል። ደንቡ ግን አስገዳጅ አይደለም፣ ግለሰቡም የመሄድ መብት አለው፣ ሊኖረውም ይገባል።

ለማቆየት የሚሞከሩት መንገዶች ይለያያሉ። ግዴታ ማስፈረም፣ ማለትም ከተመረቅክ በኋላ ይህን ያህል ዓመት አገልግል የሚለው፣ ለአጭር ጊዜ ይሰራል፣ ብቻውን ሲሆን ግን ግዴታው ባለቀ ማግስት ሰውዬው ይሄዳል፣ ቅሬታ ይዞ። ሐኪም ሲለቅ የደመወዙ ነገር ትልቅ ቦታ አለው፣ ይሄን ማለባበስ አያስፈልግም። ግን የሰለጠነበትን የሚሰራበት ዕቃ አለመኖሩ፣ የሚማርበት ሰው ማጣቱና ከ15 ዓመት በኋላ የት እንደሚደርስ አለማወቁም ይገፋዋል። ጥሩ የሚሰራ የማስተማሪያና የምርምር ሆስፒታል ራሱ ሰው የሚያቆይ ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሬዚደንሲና ፌሎውሺፑ አገር ውስጥ ካለ "ለመማር" ብሎ የሚወጣው ይቀንሳል።

መሰብሰብ ወይስ ማዳረስ

ቅድም ውስብስብ ህክምና ይሰብሰብ ብለናል፣ ይሄ ግን ሁሉም ነገር ዋና ከተማ ይሁን ማለት ከሆነ ሌላ ጉዳት አለው። ሞዛምቢክ ከነፃነት በኋላ ሐኪሞቿ አብዛኞቹ ሲወጡባት በ1984 ሐኪም ያልሆኑ መካከለኛ ባለሙያዎችን ለቀዶ ህክምና ማሰልጠን ጀመረች። በኋላ የወጡ ጥናቶች በወረዳ ሆስፒታሎች ከሚሰራው ትልቅ የወሊድ ኦፕራሲዮን 90 በመቶ ገደማውን የሚሰሩት እነሱ እንደሆኑ፣ ከ7 ዓመት በኋላም 90 በመቶ የሚጠጉት እዛው ወረዳ ላይ ሲገኙ እዛ ተመድበው የነበሩት ሐኪሞች ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ እንደለቀቁ አሳይተዋል።

የሐኪሞች ማህበራት እንዲህ ያለውን ነገር ሲቃወሙ የሚያነሱት ጥራትን ነው፣ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ የፍሌክስነርም ጥያቄ ይሄው ነበር። ነገር ግን ውጤቱ ሲለካ በተወሰነ ስራ ላይ በደንብ የሰለጠነና ክትትል የሚደረግለት መካከለኛ ባለሙያ ጥሩ ይሰራል። ችግር የሚመጣው ስልጠናው ሲቆራረጥ፣ የሚያማክረው ሰው ሲጠፋና የእድገት ደረጃ ሳይኖረው ዕድሜ ልኩን አንድ ቦታ ላይ ሲረሳ ነው። ሰሜን ሩዋንዳ ውስጥ በ2012 የተከፈተው የቡታሮ ካንሰር ማዕከል መሀል ላይ ያለ መንገድ ሞከረ፣ እዛው የሚቀመጥ የካንሰር ስፔሻሊስት ሳይኖር ሌሎች ሐኪሞች በጽሁፍ በተዘጋጀ ፕሮቶኮል (የህክምና ቅደም ተከተል መመሪያ) እና ከሩቅ ካሉ ስፔሻሊስቶች ጋር በሚደረግ ቋሚ ምክክር ማከም ጀመሩ። ለዘላለም እንዲህ ይኑር ብሎ የሚከራከር የለም፣ ስፔሻሊስቱ እስኪሰለጥን ግን ታካሚው አልጠበቀም።

በእቅድ ወረቀቱ ላይ ምን ይፈለግ

ቀጣዩ የ"ሪሰርች ሆስፒታል" ዜና ሲመጣ ከፎቁ ብዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። አሰልጣኞቹ ስንት ናቸው፣ የስራ መደባቸውስ ተፈቅዷል ወይ? ከሚመረቁት ስንቱ ለማስተማር ይቀራል? የጥገናና የመተኪያ ገንዘቡ ከግዢው ተለይቶ ተቀምጧል ወይ? የታካሚ ካርድ ከዓመታት በኋላ ተፈልጎ ይገኛል ወይስ መጋዘን ውስጥ ተቆልሏል፣ ምክንያቱም ካርዱ የማይገኝበት ሆስፒታል ምንም አይነት ማሽን ቢኖረው ያለፈ ታካሚውን ማጥናት አይችልም። ፓቶሎጂውና አኔስቴዚያውስ የት ላይ ተጽፏል?

እነዚህ የሌሉበት እቅድ ምን እንደሚያመጣ መገመት አይከብድም። ህንፃው ያልቃል፣ ከነባሮቹ ሆስፒታሎች ጥሩ ጥሩዎቹ ሲኒየሮች ወደ አዲሱ ይዛወራሉ፣ ነባሮቹ ላይ ያለው ስልጠና ይዳከማል፣ በድምሩ ስፔሻሊስት አልጨመረም፣ ቦታ ነው የቀየረው። እነዚህ ያሉበት እቅድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዓይን የሚሞላ ነገር አያሳይም፣ ሬዚደንት እየገባ፣ ካርድ እየተስተካከለ፣ አንድ ሁለት ጥናት እየወጣ ነው የሚሄደው። ገንዘቡን የሚሰጡት አካላት፣ የአገር ውስጥ በጀትም ይሁን የውጪ ለጋሽ፣ ብዙ ጊዜ የሚያቅዱት በ5 ዓመት ፕሮጀክት ነው፣ ስለዚህ የ4 ዓመት ሬዚደንሲ በፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ቀን ቢጀመር እንኳን ገንዘቡ የሚቆመው የመጀመሪያዎቹ ስፔሻሊስቶች ከተመረቁ ገና በአንድ ዓመታቸው ነው።